ስለ አራቱ ነጭ ላባዎች

ልጅን በበትር ከመምታት ይልቅ በቃል መምታት እንደሚጸና በገዛ ቤቴ ስለ ተማርሁት፥ ነውሬን ሳልሸሽግ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ታመው በአልጋ ላይ ዋሉ። ተራ ይዘን እንድናስታምማቸው በተነጋገርን ጊዜ፥ የ18 ዓመት ልጄ «እኔ አላድርም» አለ። እኔም የችሎት ጸሐፊ ነኝና፥ ቃሉን እንደ ፍርድ አድርጌ በእኅቶቹ ፊት «ፈሪ» አልሁት። እርሱም መልስ ሳይሰጥ ማዕዱን ትቶ ተነሣ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሳሪስ ባለው ቤታችን «አራቱ ላባዎች» የሚባለውን ድምፅ የሌለው የቀድሞ ሲኒማ ዐብረን አየን። በመካከል የሚወጣውንም የእንግሊዝኛ ጽሕፈት፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት መጠን ለትንንሾቹ እየተረጐምሁ አነበብሁላቸው። ይህ ሲኒማ ሜሰን የተባለ እንግሊዛዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ካሳተመው ልብ ወለድ ተወስዶ በ1929 የወጣ ነው። ከሠሩትም ሰዎች ሁለቱ፥ ኩፐርና ሾድሳክ፥ ቀደም ብሎ በእኛ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ መኮንን ፊት ቀርበው ነበር።

ታሪኩም እንዲህ ነው። ከወታደር ወገን የተወለደ አንድ የእንግሊዝ መኮንን፥ ክፍለ ጦሩ ወደ ሱዳን እንዲዘምት በታዘዘ ጊዜ ሹመቱን ተወ። ሦስት ባልንጀሮቹም የፈሪ ምልክት የሆነውን ነጭ ላባ ሰጡት፤ አራተኛውን ግን የሰጠችው እጮኛው ናት። ከዚህ በኋላ ብቻውን ወደ በረሓ ወርዶ፥ ያዋረዱትን ባልንጀሮቹን ለማዳን በሕይወቱ ቆረጠ።

የሱዳን ጦርነት ለእኛ የሩቅ ተረት አይደለም። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል፤ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወድቀዋል። ይህን እየሰማሁ ስላደግሁ፥ ለሚሸሽ ሰው ርኅራኄ አልነበረኝም።

ሲኒማው ባለቀ ጊዜ ግን ልጄ እንዲህ አለኝ፦ «አባባ፥ ይህ ሰው የፈራው ሞትን አይደለም፤ በሰው ፊት ፈሪ ሆኖ መገኘትን ነው። እኔም አያቴን ጠልቻቸው አይደለም፤ በእጄ ላይ ቢያርፉ የማደርገው ቢጠፋኝ ነው።»

በዚህ ጊዜ አባቴ ያረፉበት ሌሊት ትዝ አለኝ። የመዝገብ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ከቤት ወጥቼ ነበር። ሥራ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ማንም ግን ላባ አልሰጠኝም። ለማንም ያልተናገርሁትን ይህን ነገር ለልጄ ነገርሁት።

በማግሥቱ ማንም ሳያዝዘው ጋቢውን ይዞ ወደ አያቱ ሄደ። በማለዳ በደረስሁ ጊዜ፥ እናቴ እጁን ይዘው አንቀላፍተው ነበር፤ እርሱ ግን ዐይኑን ሳይከድን አንግቶ አገኘሁት።

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 21፥ ወደ ወይኑ ቦታ አልሄድም ብሎ ኋላ ተጸጽቶ የሄደው ልጅ የአባቱን ፈቃድ እንደ ፈጸመ ተጽፏል። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነበው፥ እኔ እሺ ብሎ የቀረውን ልጅ መሆኔን አላስተዋልሁም ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከአራቱ ላባዎች ይልቅ የሚከብደው ከሚወዱት ሰው እጅ የሚመጣው ነውና፥ ልጃችን እምቢ ባለ ጊዜ ስም ከማውጣታችን በፊት የፈራውን እንጠይቀው፤ እኛም የፈራነውን እንንገረው።