ወደ መሃል፣ ወደ ውጭ

ከቃላት ጨዋታዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ክቡን ነው። በካሬው መስቀለኛ ቃላት፣ ቃሉ የት እንዳለቀ ጥቁሩ ሳጥን ይናገራል። በክቡ ግን ቀለበት በቀለበት ውስጥ ይገባል፤ ፊደል ከፊደል ተያይዞ ይዞራል እንጂ ድንበር የለም። በተለይ ጥምዝምዙ ይማርከኛል። ከውጭኛው ቀለበት ተነሥተው እየዞሩ ወደ መሃል ሲያነቡት አንድ ተርታ ቃላት ይወጣል፤ ከመሃል ወደ ውጭ ሲመለሱ ደግሞ እነዚያው ፊደላት ሌላ ቃል ይሆናሉ። ለመሄጃውም ለመመለሻውም ለየብቻ ፍንጭ አለ፤ በአንዱ በኩል ያልገባዎትን በሌላው በኩል ያገኙታል።

ዘመናዊው መስቀለኛ ቃላት የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው፤ የሊቨርፑሉ ተወላጅ አርተር ዊን በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ መሃሉ ባዶ የሆነ ባለ አራት ጫፍ ቅርጽ ባወጣ ጊዜ። በሁለት አቅጣጫ የሚነበብ ጽሑፍ ግን እጅግ ይቀድመዋል። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ በአመድ በቀበራት በፖምፔ ከተማ አንድ የላቲን ካሬ ተጭሮ ተገኝቷል፦ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ። ጠርዙን ይዘው ቢዞሩ ሳቶርና ሮታስ እየተፈራረቁ ማለቂያ የላቸውም። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል ስሞች አይደሉምን? መነሻቸው ያ ካሬ ነው።

ወደ እኛ ሲደርሱ ግን መገለበጡ ቀረ። ሳዶር በፊደላችን ከኋላ ሲነበብ ርዶሳ ነው። የላቲን ፊደል ተነባቢና አናባቢን ለየብቻ ያስቀምጣል፤ የእኛው ሁለቱን አጣብቆ ይዞ ይገለበጣል። ሰላም ሲዞር ምላስ ለመሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሳድሱ «ስ» በሚያስፈልግበት ቦታ ግዕዙ «ሰ» ቆሞ ይከለክላል። ይህ ሠሪውን ያደክማል፣ ፈቺውን ግን ይክሳል፤ አንድ ሳጥን የሞላ ሰው ተነባቢውን ከነአናባቢው አግኝቷልና።

እስቲ እነዚህን ዐሥራ ሁለት ሳጥኖች እንያቸው፦ ማ፣ ለ፣ ዳ፣ ጓ፣ ሮ፣ ዶ፣ ማ፣ ተ፣ ከ፣ ለ፣ ዋ፣ ና። ወደ መሃል የሚወስዱት ፍንጮች እነሆ፦ ጀንበር ስትወጣ፤ ከቤት ኋላ፤ መቆፈሪያ፤ ችግኙን መሬት አስያዘ፤ ውኃ ውስጥ የሚደረግ፣ ደግሞም ከሁሉ የሚበልጥ። መልሱ ማለዳ፣ ጓሮ፣ ዶማ፣ ተከለ፣ ዋና። አሁን ከመሃል እንመለስ። የመጀመሪያው ፍንጭ «ወንድ ልጅ ሲጠራ» ነው፤ መልሱ ና። በአንድ ሳጥን ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ከዚያ ዋለ፣ ከተማ፣ ዶሮ፣ ጓዳ፣ ለማ። «ጓ» ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ቢሄዱ ጓሮ፣ ወደ ውጭ ቢሄዱ ጓዳ ያገኛሉ። «ዶ»ም እንዲሁ በአንድ በኩል ዶማ፣ በሌላው ዶሮ ነው። እንዲህ ያለው መገጣጠም ደስታው ከልብ ነው።

ዐሥራ ሁለት ሳጥን ትንሽ ነው። በመጽሔቶቻችን የመጨረሻ ገጽ ላይ መቶ ሳጥን ያለው ጥምዝምዝ ባይ እመኛለሁ፤ ሠሪው የፊደል ገበታውን አጠገቡ ዘርግቶ፣ በተለይ ራብዖቹን እያባበለ ይጀምር። ከኋላም ከፊትም ቃል ለመሆን እሺ የሚሉት እነሱ ናቸው።