ከእስቴ የወጣው ጥያቄ

እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች አውራምባ የምትባለዋን መንደርና ሰዎቿን ስናነሳ «እነዚያ» እንላለን፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ይመስል። መንደሯን የመሠረቱት የክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ ግን የእስቴ ተወላጅ፣ የገበሬ ልጅ ናቸው። መንደሯ የቆመችበትን የሴትና የወንድ እኩልነት ሐሳብ ከፈረንጅም ከመጽሐፍም አልወሰዱትም። የበቀለው በእኛው ጎጆ፣ በእኛው ምድጃ ዳር ነው።

ታሪኩን ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። እናትና አባት እኩል እርሻ ውለው ይገባሉ። ማታ አባት ያርፋል፤ እናት ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች፤ ሳይደርስላት ከቀረ ደግሞ ስድብና ዱላ ይከተላል። ሕፃኑ ዙምራ «ለምን?» አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ ለምን እንደማይበላም ጠየቀ። ቤተሰቡ ልጁ አእምሮው ተነክቷል አለ። እኔ ባደግሁበት ቤትም እናቴ ከሁሉ በፊት ተነስታ ከሁሉ በኋላ ነበር የምትተኛው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

መንደሯ የተመሠረተችው በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ ነው። እዚያ የተወለደ ልጅ አባቱ እንጀራ ሲጋግር፣ እናቱ ዕርፍ ጨብጣ ስታርስ እያየ ያድጋል። ከመንደሩ ወጣ ሲል ግን ሌላ ዓለም ይጠብቀዋል፤ ቤቱ የተማረው እውነት ሁሉ ውጪ ነውር ነው። የመንደሩ ሰዎች ሃይማኖት የለሽ ተብለው መገለላቸው ሳያንስ፣ በደርግ ጊዜ ጥላቻው ከፍቶ በ1981 ዓ.ም. አገር ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። በ1985 ሲመለሱ መሬታቸውን ሌሎች ይዘውት አገኙ። የቀረላቸው 17 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው፤ ያ ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ አይበቃም።

ስለዚህ ወደ ሽመና ዞሩ። ይህን ጉዳይ ሳስበው ልቤ ይነካል። በእኛ አገር ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ የሚሰደብ ሰው ነው። መሬት ያጣው የተናቀ ማኅበረሰብ የተናቀውን ሙያ አንስቶ ኖረበት። መሸመኛ ቤታቸው ሲገባ ሴቷ መወርወሪያ ትወረውራለች፣ ጎልማሳው ባዘቶውን ይዞ እንዝርት ያሾራል። ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ለእነሱ ተራ ነገር ነው። የእኛ አገር ወንድ እንዝርት ቢይዝ ግን ምን እንደሚባል እናውቃለን።

በሁሉም ነገር እስማማለሁ ማለቴ አይደለም። እኔ ሰንበትን አከብራለሁ፤ እነሱ በእሑድም ይሠራሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። ደቦው፣ ሰንበቴው፣ ዕድሩ፣ ለመንገደኛ የሚዘረጋው መሶብ ያሳደገኝ ስለሆነ አካባቢዬን ማንም ኋላቀር ብሎ ሲያጣጥለው ያንገበግበኛል። ሆኖም ሴት ልጅን በተመለከተ እነሱ ትክክል ነበሩ፤ እኛ ተሳስተናል። በመተዳደሪያ ደንባቸው ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በፊት አያገቡም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጠየቀው 18 ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዚያም በኋላ በልጅነታቸው የተዳሩ ብዙ ናቸው።

ከጋብቻ ሸሽተው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥረው የቀሩ እኅቶቻችንን ሁላችንም እናውቃለን። ከነፋስ መውጫ ተነስቶ በደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው አውቶቡስ አውራምባ መገንጠያ ላይ ያልፋል። እነዚያ ልጆች የሸሹለት ኑሮ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። ይህ የሚያሳዝነኝ ከምንም በላይ ነው። ሁላቸውም አውራምባ ይግቡ አልልም፤ እንዲህም መኖር ይቻላል ብሎ የሚነግራት ሰው ያላት ልጅ ግን ለአባቷም ለእናቷም የምትመልሰው ቃል ይኖራታል።

በዚያ መንገድ የምታልፉ ወላጆች፣ እባካችሁ አንድ ቀን መገንጠያው ላይ ውረዱ። ሴት ልጃችሁን ብቻ ሳይሆን ወንድ ልጃችሁንም ይዛችሁ ግቡ፤ ጎልማሳው ሲፈትል ይየው።