ስለ ትምባሆ ጭስና በአፍ ውስጥ ስለሚተወው ማዕድን

ቤተ ክርስቲያናችን ትምባሆን እንደምትጸየፍ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አጫሹን በብርቱ ይቀጡ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ነውሩ ወይም ስለ ቅጣቱ አይደለም፤ ጭሱ ከተበተነ በኋላ በሰውነት ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ነው እንጂ።

የትምባሆ ተክል እንደ ሌላው አትክልት ሁሉ ምግቡን ከምድር ይስባል። ዳሩ ግን ካድሚየም የሚባለውን መርዘኛ ማዕድን ከብዙዎች ተክሎች አብልጦ በቅጠሉ ያከማቻል። በአንዲት ሲጋራ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም የሚሆን ካድሚየም ይገኛል፤ አንድ ማይክሮግራምም የግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። መጠኑ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በኩላሊት ከተከማቸው ካድሚየም እኩሌታው እንኳ እስኪወጣ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የፊተኛውን ብድር ሳይከፍል በየማለዳው እንደሚበደር ባለ ዕዳ ነው። ከካድሚየምም ጋራ እርሳስ፥ ኒኬል፥ ክሮሚየምና አርሴኒክ በጭሱ ውስጥ አሉ።

በሌላ ወገን ሰውነት የሚሻቸው ጥቂት ማዕድኖች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ ዚንክ ነው። ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ሴሎች ያለ ልክ እንዳይባዙ እንደ ዘበኛ ይጠብቃል፤ ቅርጹን ጠብቆ የሚቆመውም በዚንክ ነው። ካድሚየም በጠባዩ ዚንክን ስለሚመስል፥ የዘበኛ ልብስ ለብሶ እንደሚገባ ሌባ በስፍራው ሊተካ ይችላል፤ የተጐዳውን ዲኤንኤ የሚጠግነውንም ሥራ ያሰናክላል። ከዚህም የተነሣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ካድሚየምን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋራ ደመረው።

ሊቃውንትም ከአፍ ዕጢ ጥቂት ቈርጠው በአሲድ ካሟሙ በኋላ በነበልባል ውስጥ ያሳልፉታል፤ እያንዳንዱ ማዕድን የራሱን ዓይነት ብርሃን ይውጣልና መጠኑን በዚያ ይለካሉ፤ ከጤነኛ ሥጋም ጋራ ያነጻጽሩታል። ነገር ግን በዕጢው ውስጥ የተገኘ ማዕድን ሁሉ ዕጢውን አመጣው ማለት አይደለም፤ ዕጢው ራሱ የማዕድኖቹን ሚዛን ሊያዛባ ይችላልና። ማጨስ የአፍን ካንሰር ማምጣቱ ግን ከዚህ ሌላ በብዙ ማስረጃ ተረጋግጧል፤ የመጠጥም ልማድ ሲታከልበት አደጋው እጅግ ይበዛል።

ይህን ነገር ለማወቅ የተጋሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ በጡረታ የተሰናበቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው በካዛንቺስ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣልያን ለሹማምንቱ ቤት ካሠራበት ድርጅት ስም ነው። አጎቴም ከምላሳቸው በታች ነጭ ምልክት ወጥቶባቸው፥ የንስሐ አባታቸው እንዳይሰሙ ሠግተው፥ ብዙ ወራት ደበቁት። እኛ ዘመዶቻቸው በእሑድ ብቻ ስለምንጠይቃቸው አላየንም። ያየችው ቡና የምታጣጣቸው ጎረቤታቸው ናት። «ጋሼ፥ ቡናውን አቀዝቅዘው በአንድ ጉንጭዎ ብቻ የሚጠጡት ስለ ምንድን ነው? እባክዎ ለሐኪም ያሳዩ» ብላ ለመነቻቸው። ሐኪሙም ከቁስሉ ቅንጣት ወስዶ መረመረና ካንሰር መሆኑን ነገራቸው። ገና ስላልተሠራጨ የምላሳቸው ጥቂት ክፍል ተቈርጦ ዳኑ፤ ዛሬ ንግግራቸው ቢኰላተፍም በሕይወት አሉ። በዚያን ዘመን የጨረር ሕክምና በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበርና፥ ቢዘገዩ ኖሮ ረጅም ወረፋ ይጠብቃቸው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ግን የካዛንቺስ አሮጌ መንደር ፈርሶ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። አጎቴ ወደ አንድ ሩቅ ሰፈር ሲዛወሩ ያች ሴት ወደ ሌላ ሄደች። አዲሱ ቤት ውኃው በጓዳ የሚወርድ ንጹሕ ቤት ነው፤ ነገር ግን ሰው ቡናውን በየትኛው ጉንጩ እንደሚጠጣ የሚያስተውል ዓይን በደጃፉ የለም። እንዲህ ያለው የጎረቤት አደራ እንግዲህ በቤተ ሰብ ላይ ወድቋል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የቤታችንን ማዕድ የምንጠብቀው ግን እኛው ነን። ለእንግዳ ክብር ሲባል ሲጋራ በሳሕን ማቅረብ ይቅር። በአፍ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፥ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፥ ወይም እብጠት የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ዘመድ ወዳጅም አጫሹን መዝለፍ ትቶ አፉን እንዲያስመረምር በፍቅር ይለምነው፤ የሚያፍር ሰው ተግሣጽ ሲበዛበት አፉን ይዘጋል፥ ቁስሉም በተዘጋው አፍ ውስጥ ያድጋልና።