መኪናው ከተገዛ በኋላ

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናውን ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ሳይሠሩ ያሳደሩትን ሥራ ሁሉ አብሮ ይረከባል። በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና የተሠራበት ዘመን ተጽፏል፤ ሞተሩ ስንት ጊዜ ከልክ በላይ እንደሞቀ ግን አልተጻፈም። ይህን የምጽፍላችሁ በቤታችን የሆነውን መነሻ አድርጌ ነው፤ ነገሩ በዚህ ዘመን በብዙ ቤት የሚሆን ነውና።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖችን ወደ ሀገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወደ ላይ ወጣ። በዚህ ሁሉ መካከል አሮጌው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማንም አይጥለውም፤ ሊጥለውም አይችልም።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ለባጃጅ የምትከፍለው ገንዘብ ከትርፏ ላይ እየቆረሰ ስላስቸገራት፣ አባቴ ዕቁቡ ሲደርሰው ከእርስዋ ቁጠባ ጋር ደምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራች ባለ 1.3 ሊትር ቶዮታ ኮሮላ ገዛ። በመካኒክ አስመርምሯል፤ ቦሎዋም የዘመኑ ነበረ። ሦስት ሳምንት ያህል በሰላም ሠራች። ከዚያም አንድ ማለዳ፣ እንጀራው ከኋላ ተጭኖ ሳለ፣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ መስመር ወጣ፤ ከጭስ መውጫዋም ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር።

የሰፈራችን መካኒክ ኮፋኖውን ከፍቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታና ገልብጦ አሳየን። ከክዳኑ ሥር እንደ ቡላ ገንፎ የነጣ ነገር ተጣብቋል። «ዲያቆን፣ አንተ መካኒካል ትማራለህ አይደል? ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ውኃ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንዲህ ይሆናል። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ነበር። የዚህ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም፣ አካሉ ግን ብረት ነው፤ ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከሞቀ አሉሚኒየሙ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ጓርኒሲዮኑ ማተም ያቅተዋል። ራዲያተሩን ሲያራግፈው ከውኃው ጋር የወጣው ዝቃጭ ደግሞ ሌላውን ነገር ገለጠልን፤ ፍሳሽ ለጊዜው የሚደፍን ዱቄት ነበረበት። ዘይቱም የሞተሩን ድምፅ ለማፈን ሆን ተብሎ እንዲወፍር የተደረገ ነበር። ምርመራውን ያለፈችው በዚህ ነው።

የሻጩ ስልክ ዝግ ሆነ። ደላላው ግን ቤታችን ድረስ መጣ፤ ክፉ ሰው ነው ብዬ ልጽፍበት አልወድም፣ ለእርሱ ነገሩ የዘወትር ሥራው ነው። «ጋሼ፣ ለምን ይጨነቃሉ? ጓርኒሲዮኑን ሳይነኩ ዱቄቱን ድጋሚ ይጨምሩበት፣ ላቫጆ ትግባ፣ እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለክፍለ ሀገር ሰው በገዙበት ዋጋ እሸጥልዎታለሁ» አለው።

በዚያ ምሽት በቤታችን የተደረገውን ክርክር ማሳጠር አልችልም። እናቴ የዋህ ሴት ናት፤ ነገር ግን የሦስት ዓመት ቁጠባዋ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። «እኛስ እንዲሁ አይደል የተሸጠልን? ጉዳቱ እኛ ጋ ብቻ ለምን ይቆማል?» አለች። ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። በሽተኛ መኪና ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እያንዳንዱ ሻጭ የሚያነሣው ምክንያት ይኸው ነው፤ እያንዳንዱም በራሱ ዘንድ ተበዳይ ነው። የእኛም ሻጭ ከሌላ ሰው እንዲሁ ተቀብሏት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሌባ» የሚለው ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ብዙ ታገልሁ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ውሉ ላይ ምን ብዬ ልፈርም?» አለ። ሌላ አልተናገረም። እናቴም መልስ አልሰጠችም፤ ተነሥታ ሊጡን ለማየት ወጣች።

ሕጉን በተመለከተ ይህን ያህል ልበላችሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ገዢም ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ የመካኒኩን ቃል በጽሑፍ መያዝ፣ የተፈታውን ዕቃ አለመጣል፣ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል። ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ መሸጥና መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ አባቶቻችን ገበያን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የሆነ ነገር አድርገው አላዩትም ማለት ነው። አባቴ ደብዳቤውን ጽፎ በውሉ ላይ ባለው አድራሻ ልኮታል። መልስ አልመጣም።

ወደ ጥገናው ልመለስ። መካኒኩ በመጀመሪያ ያደረገው ቁልፍ ማንሣት አልነበረም፤ ወረቀት እንዳመጣ ነገረኝ። «የሚገድለውን፣ የሚያቆመውንና የሚያሳፍረውን ለይተህ ጻፍ፤ ገንዘቡ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚወጣው» አለ። አብዛኛው ገዢ በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ አስቀድሞ ቀለም ያስቀባል፣ የወንበር ልብስ ይገዛል።

የሚገድለው ፍሬንና ጎማ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር ነው፤ ባረጀ ቁጥር የመፍላት ነጥቡ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ፍሬን ደጋግማችሁ ብትረግጡ ውኃ የጠጣው ዘይት ይፈላል፤ ፔዳሉም ከእግራችሁ ሥር እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መቀየሩ የሚመከረው ለዚህ ነው። በእኛ መኪና የነበረው ዘይት ጠቁሮ ቡና መስሎ ነበር፤ የፊት ሸራውም አልቋል። ጎማውን ደግሞ በጥርሱ ብቻ አትመዝኑት። ከጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ 3512 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ፣ ጎኑ ግን በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ዓይን ያታልላል። ሁለቱን ቀየርን፣ ሁለቱ ለጊዜው ቆዩ።

ቴስታታው ወረደ። በቀጥ ያለ ብረትና በስስ መለኪያ ሲፈተሽ መጣመሙ ታወቀ። ለብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ገጹ በማሽን ተፍቆ ተስተካከለ። አዲሱን ጓርኒሲዮንና ቺንጋ ሱማሌ ተራ ሄጄ የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ቴስታታው ሲወርድ ቺንጋው መፈታቱ ስለማይቀር ያንኑ ጊዜ መቀየሩ ሁለተኛ የጉልበት ዋጋ ከመክፈል ያድናል። በዚያ ገበያ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው፤ አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድና ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ከመከራከር ይሻላል። (ቴስታታ፣ ኮፋኖ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ... በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማርኋቸው ዕቃዎች ሁሉ በጋራዡ የጣልያን ስም አላቸው። መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝና ያለዚህ መዝገበ ቃላት ምሩቅ መሐንዲስ በጋራዥ ውስጥ ዲዳ ነው።)

ሲገጠም ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ መጠበቅ አለባቸው። መካኒኩ መለኪያ ቁልፍ አልነበረውም፤ «እጄ ያውቀዋል» አለኝ። አልተከራከርሁትም፤ ከዩኒቨርሲቲያችን ወርክሾፕ አስፈቅጄ ለአንድ ቀን ተውሼ አመጣሁለት። እየተጠቀመበት ሳለ ፈገግ እያለ፣ «ልክ ነው፣ እጄ ትንሽ ያበዛ ነበር» አለ።

አንድ ትንሽ ዕቃ ልጨምር፤ የራዲያተር ክዳን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች በዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ሙቀት ዘወትር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ክዳኑ ግፊቱን ጠብቆ የመፍላት ነጥቡን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ በብዙ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 0.9 የሚል ቁጥር የምታዩት የዚህን ግፊት መጠን ነው። የእኛው ጎማው ደርቆ አየር ያስወጣ ነበር። በየቀኑ በሃይላንድ ውኃ እየሞሉ መሄድ ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፤ ተራው ውኃ ግን ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱም ራዲያተሩን ይደፍናል። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ገዝተን ሞላን።

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ወሰደ። በእነዚያ ቀናት እናቴ እንጀራውን በባጃጅ አመላለሰች፤ እኔም ለመመረቂያ ልብስ ያስቀመጥሁትን ለቶርኖ ቤቱ ከፈልሁ። ደላላው አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ አባቴ አመስግኖ ዘጋው።

አሁን በዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር አለ። የተቀየረው ዕቃ ሁሉ፣ ቀኑና የኪሎ ሜትሩ ንባብ በአባቴ የመምህር እጅ ጽሕፈት ይሰፍርበታል፤ የዱቄቱና የጣመመው ቴስታታ ነገርም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። መኪናዋን የሚገዛ ሰው ቢመጣ ደብተሩ አብሮ ይሄዳል ብሏል። እናቴ ዋጋ ይቀንሳል ትላለች፤ ምናልባት እውነቷን ነው። ከሚያሳፍረው ክፍል ገና አልጀመርንም። የኋላው ግራ በር ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ መሶቡን የሚያወርደው ሰው ዞሮ መምጣት አለበት።