በሰው ቤት ፈርደን በቤታችን ተፈረደብን

በሰው ቤት ላይ መፍረድ ቀላል፥ በራስ ቤት ላይ መፍረድ ግን ከባድ መሆኑን በቅርቡ ከአንድ መጽሐፍ ስለ ተማርን፥ ነገሩን ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛና ጥቂት ወዳጆቻችን በየወሩ በአንድ እሑድ፥ ከየቤታችን በተራ እየተሰበሰብን፥ አንድ መጽሐፍ በጋራ የማንበብና የመወያየት ልማድ አለን። በዚህ ዓመት የመረጥነው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ይህ መጽሐፍ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በሬዲዮ የተሰማ ስለ ሆነ፥ ፊደል ያልቆጠሩት እንኳ ታሪኩን ያውቁታል።

የታሪኩ መሠረት ሁለት የጎጃም ቤተ ሰቦች ናቸው። በአንደኛው ቤት ፊታውራሪ መሸሻ፥ በዘር የሚተካከላት የለም እያሉ የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች ሁሉ ስለ መለሱ፥ ልጅቱ ሳታገባ ዕድሜዋ ገፋ። በሁለተኛው ቤት ደግሞ የበዛብህ ወላጆች የልጃቸውን ፈቃድ ሳይጠይቁ በስለት ለእግዚአብሔር ሰጡት። ኋላም በዛብህ የሰብለ አስተማሪ ሆኖ ወደ ፊታውራሪው ቤት በገባ ጊዜ ሁለቱ ተዋደዱ፤ ፍጻሜውም የመጽሐፉ ስም እንደሚናገረው መቃብር ሆነ።

ባለፈው ስብሰባ ተራው የእኛ ቤት ነበር። ሁላችንም አፍ ገጥመን በፊታውራሪው ላይ ፈረድን፤ አንዱ ትዕቢታቸውን፥ ሌላው በባላገሮቻቸው ላይ የጫኑትን ግብር እያነሣ ወቀሳቸው። አንዲት እኅት ግን፥ «የበዛብህ ወላጆችስ ያለ ልጃቸው ፈቃድ መሳላቸው ከዚህ በምን ይሻላል?» ብላ ስለ ጠየቀች፥ ብዙ ተከራከርን።

በዚህ መካከል ቡና ትቀዳ የነበረችው ልጃችን፥ «አባባ፥ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ይጠሏት ነበርን?» አለችን። «የለም፥ እጅግ ይወዷት ነበር እንጂ» ብለን መለስንላት። «እንግዲያውስ፥ አንቺ ምን ትወጃለሽ ብለው ለምን አልጠየቋትም?» አለች።

እንግዶቻችን ጥያቄዋን አድንቀው ሣቁ፤ እኛ ግን ከባለቤታችን ጋራ ዓይን ለዓይን ተያይተን አንገታችንን ደፋን። ከሁለት ወር በፊት ልጃችንን ለአንድ ወጣት ለመጠየቅ ሽማግሎች መጥተውብን ነበርና። እኛም የወጣቱን ጠባይና ትምህርት ሳንመረምር አያቱ ማን እንደ ነበሩ ጠየቅን፤ መልሱም ደስ ስላላሰኘን ሽማግሎቹን በለዘበ ቃል አሰናበትናቸው። ለልጃችን አንዳች አልነገርናትም፤ እርስዋ ግን ከሰው ሰምታ ኖሯል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አጠገባችን አስቀምጠን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ልቧንም እንድትገልጽልን ለመንናት። እርስዋም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «ብትጠይቁኝ ኖሮ እኔም እንቢ እል ነበር፤ ነገር ግን እንቢታው የራሴ በሆነ ነበር» አለችን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ልጃችንን ከማይሆን ጋብቻ ያዳንናት መስሎን ሳለ፥ ለካስ የገዛ ቃሏን ቀምተናት ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የታወከ ቤተ ሰብ ታሪክ በምታነቡበት ጊዜ ልጆቻችሁን ከአጠገባችሁ አታርቁ፤ የሚጠይቁትንም ሳትቆጡ ስሟቸው።