በገና በዓል ከለሚ እስከ ሐዋሳ፤ ዘመድን ስለ መጠየቅ

በዓል በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለሚታረደውና ስለሚጠመቀው ነው፤ ርቆ ስለሚኖረው ዘመዱ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። እኛም ከብዙዎቹ ወገን ሆነን ስምንት ዓመት ኖረናል። በ2012 ዓ.ም. ለገና በዓል ከለሚ ተነሥተን እስከ ሐዋሳ ያደረግነውን ጉዞ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች መንገራችን፥ በቤቱ እንደኛ ያለ ነገር የተቀመጠበት ሰው ቢኖር ይጠቀምበት ይሆናል ብለን ነው።

ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ የሚሄደው መንገድ ደጋውን ጨርሶ ወደ ጀማ ወንዝ ቈላ ይወርድና እንደ ገና ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። እኛ በዚህች ከተማ ተወልደን፥ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቈጥረን፥ ዳዊት ደግመን፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ዘመናዊ ትምህርት ቀስመን፥ የምንተዳደረው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ሥራችን የሰውን ክርክር መመዝገብ ሲሆን፥ ከምንመዘግበውም ውስጥ ብዙው የወንድማማች ክርክር ነው። አንድ ጡት የጠቡ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው ፊት ለፊት መተያየት ሲጸየፉ ባየን ቍጥር ራሳችንን እየነቀነቅን እናዝን ነበር። ነገር ግን ስለ ሰው መዝገብ የምናዝነው እኛ የራሳችንን መዝገብ ዘግተን አስቀምጠነው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድማችን ገና በጕብዝናቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወርደው፥ በሐዋሳ ከተማ በአናጢነት ተቋቁመው፥ የሲዳማ ተወላጅ አግብተው፥ ልጆች ወልደው ይኖራሉ። በ2004 ዓ.ም. በክረምት አባታችን በታመሙ ጊዜ፥ መንገዱ ሩቅ ነው፥ ዝናቡም ከባድ ነው፥ ይሻላቸውም ይሆናል እያልን ሳንነግራቸው ዘገየን። አባታችን ባረፉም ጊዜ፥ ቢነገራቸው ለቀብር አይደርሱም ብለን መርዶውን ያስነገርነው በ12ኛው ቀን ነው። ወንድማችን መጡ፤ በመቃብሩ ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ ከቤታችን ሳያድሩም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ከእናታችን ጋራ ይነጋገሩ ነበር እንጂ ለኛ ድምፃቸውን አሰምተውን አያውቁም።

በዚህ በደል ላይ ሌላ ጨመርንበት። አባታችን በከተማው ውስጥ ባለ 4 ክፍል የቆርቆሮ ቤት ትተው ነበር። በሁለቱ ክፍል እናታችን ሲቀመጡ፥ ሁለቱን አከራይተን ኪራዩን ብቻችንን ስንቀበል ኖርን። ወንድማችንም ይህን እያወቁ ዝም አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1000 እንደሚለው፥ ወራሽ የሆነ ሰው መብቱንና ሀብቱ በሌላ ሰው እጅ መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ክሱ በይርጋ ይቀራል። ይህን ለባለጉዳይ ስንት ጊዜ አስረድተናል! ስለዚህ ሦስቱ ዓመት ባለፈ ጊዜ ከእንግዲህ ወዲህ የሚረታን የለም ብለን ተደላደልን። ዳሩ ግን ያው ሕግ ሌላም ቃል አለው። ይርጋን ተከራካሪው ራሱ ካላነሣው በቀር ዳኛው ከራሱ አያነሣውም። ሕጉ ጋሻውን ከደጃችን አስቀምጦልናል እንጂ አንሡት ብሎ አላስገደደንም፤ ማንሣቱም መተዉም የኛ ፈንታ ነበር። ይህን ባሰብን ሌሊት እንቅልፋችን ይጐድል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን እናታችን እንዲህ አሉን። «ልጄ፥ ዘንድሮ ገናን ከወንድምህ ቤት መዋል እፈልጋለሁ። ብትወስደኝ ውሰደኝ፤ ባትወስደኝ ዱላዬን ይዤ ከመኪና መንገድ ዳር እቀመጣለሁ።» ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ ከ75 ያለፈ ነበር። እኛም የሥራውን ብዛት፥ የመንገዱን ርዝመት፥ የገንዘቡንም ነገር ዘርዝረን፥ ለፋሲካ ቢሆን ይሻላል አልናቸው። እሳቸውም «ፋሲካን የሚያደርስ እግዚአብሔር ነው፤ ገና ግን ደጄ ደርሷል» ብለው ዝም አሉ። የቤታችን እመቤት ምንም ቃል ሳትናገር በማግሥቱ ጤፉን አውጥታ ማበጠር ጀመረች። ይህን ባየን ጊዜ ክርክሩ እንደ ተቈረጠ ዐወቅን።

ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ የልደት በዓል የዋለው እንደ ወትሮው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን ታኅሣሥ 28 ቀን ማክሰኞ ነበር። ያለፈው የዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን 6 ቀን ስለ ነበረች ነው። ስለዚህ የሰኞውንና የበዓሉን ማግሥት ፈቃድ ጠይቀን፥ ታኅሣሥ 25 ቀን ቅዳሜ ማለዳ እናታችን፥ የቤታችን እመቤት፥ የ9 ዓመት ልጃችንና እኛ ሆነን ተነሣን። የጤፍ ዱቄት፥ በርበሬ፥ በጣሳ የተደፈነ ቅቤ፥ አንድ ጠርሙስ ማርም ይዘናል። እናታችን ደግሞ ከገዛ ቆጣቸው ያወረዱትን አውራ ዶሮ በቅርጫት አድርገው ከጕልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በሐዋሳም ዶሮ አይጠፋም ብንላቸው፥ «ልጄ የሚበላው ከአባቱ ግቢ ያደገውን ነው» ብለው መለሱልን።

ከለሚ ወደ ሙከጡሪ ስንሄድ ከክልላችን ወጥተን ወደ ኦሮሚያ እንገባለን። ወቅቱ የመከር ነበርና በሜዳው ሁሉ ክምር ቆሞ፥ በየአውድማው በሬ እህል ሲያበራይ ይታይ ነበር። ከዚያ በጫንጮና በሱሉልታ አልፈን፥ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን። በዚያ ሌሊት ካደርንበት ቤት ዶሮው ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ እየጮኸ እንግዳውን ሁሉ ስለ ቀሰቀሰ፥ ጧት ሂሳብ ስንከፍል ባለቤቲቱ «ለዶሮውም የአልጋ ይክፈሉ» ብላ አሳቀችን።

እሑድ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረን በፈጣኑ መንገድ እስከ ሞጆ ከሄድን በኋላ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ የታቀደው ፈጣን መንገድ በዚያን ጊዜ ገና በመሠራት ላይ ስለ ነበረ የተጓዝነው በአሮጌው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርዱ እየቀረ፥ ግራሩ እየበዛ ሄደ፤ እናታችንም ጋቢያቸውን አወለቁ። የዝዋይ ሐይቅ በታየ ጊዜ፥ በዮዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደሴቶቹ እንደ ሸሹ፥ 70 ዓመትም በዚያ እንደ ተቀመጠች የሚነገረውን ለልጃችን አወራንላት። እርሷ ግን ጥቂት ካሰበች በኋላ፥ «የሐዋሳዎቹ ልጆች የአጎቴ ልጆች ከሆኑ ለምን እስከ ዛሬ አላየኋቸውም?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው ቃል አጣን። እናታችን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሻሸመኔ እስክንደርስ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም።

ወንድማችን ከመናኸሪያው ቆመው ይጠብቁን ነበር። ጠጕራቸው ሸብቷል። እናታቸውን ባዩ ጊዜ ከጕልበታቸው ላይ ወድቀው ብዙ ቆዩ። የቤታችንን እመቤትና ልጃችንን ሳሙ፤ ለኛ ግን እጃቸውን ብቻ ሰጡን። ከቤታቸው ስንደርስ ሚስታቸው ለብ ያለ ውሃ በመታጠቢያ አቅርበው የእናታችንን እግር በገዛ እጃቸው አጠቡ። ልጆቻቸው እርስ በርሳቸው በሲዳምኛ፥ ለአያታቸው በአማርኛ ይናገሩ ነበር። ልጃችን ገና ሳይመሽ እስከ አምስት መቍጠር ከነርሱ ተማረች።

በገና ሌሊት ሁላችንም ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አድረን ቅዳሴው ሲፈጸም ተመለስን። የለሚውን ዶሮ እናታችን 12 ብልት አውጥተው ከምራታቸው ጋራ ሠሩት። ምራቲቱም በበኩላቸው በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ የሚባለውን የእንሰት ምግብ አቀረቡ። እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢሆንም ድርቅን ታግሦ እንደሚቆይ፥ ተፍቆም በጕድጓድ ተቀብሮ እንደሚከርም ለእናታችን አስረዷቸው። እናታችን ቀምሰው ዝም ካሉ በኋላ «በ77 እንዲህ ያለ ተክል በጓሯችን ኖሮ ቢሆን!» አሉ። በከተማይቱ የሚወራው ሁሉ ስለ ሕዝበ ውሳኔው ነበር። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን ድምፁን ሰጥቶ ነበርና፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። እኛ የሄድንባት ሐዋሳ ግን ገና የደቡቡ ክልል ከተማ ነበረች።

በማግሥቱ ወንድማችን «ና ሐይቁን ላሳይህ» ብለው ወደ አሞራ ገደል ወሰዱን። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባለው ረጅም አሞራ እንደ ሽማግሌ ትከሻውን ሰብስቦ ትርፍራፊ ይጠብቃል። እኛም ስለ ቤቱ ያዘጋጀነውን ቃል ጀመርን፤ የኪራዩን ሂሳብ በወረቀት ጽፈን ይዘን ነበር። ወንድማችን ግን ወረቀቱን ሳይመለከቱ፥ «ቤቱን ለጊዜው ተወው። እኔ ስምንት ዓመት ልጠይቅህ የፈለግሁት ሌላ ነው። አባባ ሊያርፉ ሲሉ ምን አሉ?» አሉን።

ይህን ነገር ለማንም ነግረን አናውቅም ነበር። አባታችን በመጨረሻው ሌሊት ዓይናቸውን ገልጠው «የሐዋሳው ልጄ መጣ ወይ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። እኛም በመንገድ ላይ ነው ብለን መለስንላቸው። መልእክት እንኳ አልላክንም ነበር። አባታችን እስኪነጋ ድረስ ወደ በሩ ሲመለከቱ ቆይተው ዐረፉ።

ይህን ሁሉ ሳናስቀር ነገርናቸው። ወንድማችን ወደ ውሃው ዞረው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ይጣሉን ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። ኋላ ግን በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠርገው «ጠርተውኝ ነበር ማለት ነው» አሉ። ቀጥለውም፥ «እኔ የረሱኝ መስሎኝ ነበር። አንተም ይህን ስምንት ዓመት ብቻህን ተሸክመኸዋል» ብለው እጃችንን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

በዚያ ማታ እናታችን ዳኛ ሆኑ። የኪራዩን ሂሳብ አስነብበው ሰሙ። ወንድማችን ያለፈውን እንደ ማይፈልጉት ቢናገሩም፥ እናታችን «ይቅርታ ሌላ፥ ሂሳብ ሌላ» ብለው አልተቀበሏቸውም። የአባታችን ድርሻ ለሁለታችን እኩል እንዲሆን፥ ካለፈው ኪራይ የወንድማችን ድርሻ በየዓመቱ ተከፋፍሎ እንዲከፈል፥ ከዚያ ውስጥ ወንድማችን ፈቅደው የአባታችን ዝክር እንዲወጣ ሆነ። የብዙ ሰው ውል የጻፈች እጃችን የራሳችንን በጻፈች ጊዜ ተንቀጠቀጠች። እናታችን በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ወደ ለሚ ከተመለስን ሁለት ወር እንዳለፈ፥ መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። እኛ ጉዞውን ልናስተላልፍበት ያሰብነው ፋሲካ፥ ሚያዝያ 11 ቀን፥ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተዘግቶ ዋለ። እናታችንን ሰምተን ባንሄድ ኖሮ መቼ እንሄድ እንደ ነበር አናውቅም። በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር እናታችን ታመው በወደቁ ጊዜ፥ ሐኪም ከመጥራታችን አስቀድሞ ወደ ሐዋሳ ደወልን ብንል ማጋነን አይደለም። ወንድማችን በማግሥቱ ማታ ደረሱ። እናታችን ዐወቋቸው፤ ስማቸውንም ጠሩ። ካረፉም በኋላ መቃብሩን አብረን አፈር አለበስን።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በወረዳችን ታላቁ የለሚ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በከተማችን ቤት ፈላጊው በዝቷል። በመዝገብ ቤታችንም ያረጀ የቤተ ሰብ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አራቱ ክፍል ግን የሁለታችን ነው፤ ኪራዩም በየወሩ ይከፈላል። ያ ውል ቤቱ ከመፈለጉ በፊት በመጻፉ ደስ ይለናል፤ ዋጋው ከፍ ካለ በኋላ ቢሆን ኖሮ እኛ ራሳችን ምን ያህል ቀና ሆነን እንደምንገኝ እንጠራጠራለንና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከሩቅ አገር ያለ ዘመድ ካለህ፥ የታመመ ሰው ሲኖር አይደርስም ብለህ በርሱ ፈንታ አትፍረድ፤ ንገረውና መድረሱን ለርሱ ተወው። የያዝኸውም የእርሱ ነገር ካለ ዓመቱ አለፈ ብለህ አትደላደል። ይርጋ በፍርድ ቤት እንጂ በእናት ፊት እንደማይሠራ እኛ አይተናል። ዘንድሮም ገና ሲደርስ አንድ አውራ ዶሮ በቅርጫት ይዘን ወደ ሐዋሳ ለመውረድ አስበናል።