ኮርቶ ነው የመጣው

ቨርጂኒያ ውስጥ የምኖርባት ክፍል ማታ ጸጥ ስትል ጆሮዬ ይጀምራል። ጭው ይላል፣ ሳር ውስጥ እንዳለ ፌንጣ፣ ሳያቋርጥ። ስለዚህ ክረምት ከበጋ ማራገቢያ ከፍቼ ነው የምተኛው፤ ሌላ ድምፅ ሲኖር የጆሮዬ ይደበዝዛል። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስጭን ዓመታት አሳልፌአለሁ፣ የተሰጠኝን የጆሮ መድፈኛ ኪሴ ከትቼ። ጥፋቱ የራሴ ነው። 85 ዴሲቤል ድምፅ ባለበት ቦታ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መሥራት አይመከርም፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል። እኔ ይህን ያወቅሁት የውስጠኛው ጆሮ ፀጉር መሰል ሴሎች ከሞቱ በኋላ ነው። እነሱ ደግሞ ዳግመኛ አይበቅሉም።

ከ17 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ስገባ የፈራሁት ጫጫታውን ነበር። መገናኛ ቆሜ ወያላው “ፒያሳ! አራት ኪሎ!” ሲል፣ ጫማ ሻጩ በድምፅ ማጉያ ዋጋ ሲጠራ፣ የጆሮዬ ጩኸት ድንገት ጠፋኝ። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ሌሊትም የሰፈሩ ውሾች ማራገቢያዬን ተክተውልኛል። (ይልቅ ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ኮሽ አይሉም፤ አንዷ ቦሌ ላይ ልትገጨኝ ለጥቂት ነው።)

የከበደኝ ሰው ነው። ጫጫታው የጆሮዬን ሲሸፍን የሰውንም ንግግር አብሮ ይወስደዋል። ጎረቤት ሰርግ ድንኳን ውስጥ የልጅነት ጓደኛዬ ጉንጬን አገላብጦ ሳመኝና ረጅም ነገር ነገረኝ። ሙዚቃው ያናውጣል፤ እኔ የማየው ከንፈሩን ብቻ ነው። የደስታ ቀን አይደል? ሳቅሁለት። ለካ እናቱ ማረፋቸውን እያረዳኝ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ቡና በተጠራሁ ቁጥር ራሴን አመመኝ ማለት ጀመርኩ። ሰፈሩም ፈረደ፦ “ኮርቶ ነው የመጣው።”

ለአክስቴ እውነቱን አወጣሁላቸው። “ጆሮ የሚጮኸው ሰው ሲያማህ ነው” አሉ መጀመሪያ። እሱስ ሐሰት አልነበረም። በማግስቱ ከሰል አቀጣጥለው፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው፣ ደህና በሚሰማው በቀኝ ጆሮዬ በኩል በርጩማ አስጠጉና ጓደኛዬን አስጠሩት። አቦል እስኪቀዳ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ ስለ እናቱ እንደገና፣ ከመጀመሪያው ነገረኝ።